የጠፋ ሰው ሒሳብ አይዘጋም

ሰው ሲሞት ወጉ ይታወቃል። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይመጣል፣ ሰልስቱም አርባውም ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል። ሰው ሲጠፋ ግን ወግ የለውም። ልቅሶ እንቀመጥ ቢባል «ገና ለገና ሞተ ብላችሁ ነው?» ይባላል። ዝም ቢባል ደግሞ ዝምታው ልጅን እንደ መካድ ይቆጠራል። በሞያሌ፣ በመተማ፣ በቶጎ ውጫሌና በሌሎችም ኬላዎች እየተመላለስን የምንነግድ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቤት እናውቀዋለን። «የእገሌ ልጅ እዚያ ማዶ ቀረ» የሚባልለት ቤት በየከተማችን አለ።

ዛሬ የምናወጋችሁ ታሪክ ከእኛ ድንበር የራቀ ነው። የሰሜን ኮሪያ መንግሥት ከጃፓን፣ ከደቡብ ኮሪያና ከሌሎች አገሮች ሰው እያፈነ ስለወሰደበት ዘመን፣ ቤተሰቦቹም መልስ ፍለጋ ስለሄዱበት ረጅም መንገድ ነው። የመረጥነውም በአንድ ምክንያት ነው። እነዚያ ቤተሰቦች ጥቂት መልስ ያገኙት ከመጀመሪያው የሚሰማቸው መንግሥት ስለነበራቸው አይደለም። ሁሉም ዝም ባለበት ዘመን ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ይዘው ስለቆዩ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሪያ ለእኛ ሩቅ አይደለችም

የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ኮሪያ ገባ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ወገኖቻችን ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ኢትዮጵያዊ ወታደር አለመማረኩን አባቶቻችን እስከ እርጅናቸው በኩራት ያወሩት ነበር። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አካባቢ የቆመው የትግላችን ሐውልት በደርግ ጊዜ፣ በ1984፣ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። አገራችን ከሁለቱም ኮሪያዎች ጋር በየዘመኑ ወዳጅነት ነበራት ማለት ነው።

ወታደሮቻችን አልተማረኩም፤ የደቡብ ኮሪያ ሲቪል ሕዝብ ግን ያ ዕድል አልገጠመውም። ከ1950 እስከ 1953 በቆየው ጦርነት የሰሜኑ ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ሰሜን ወስዷል። ዳኛ፣ ሐኪም፣ መምህር፣ ጋዜጠኛና ጎበዝ ወጣት ይገኙባቸዋል። ተኩስ ከቆመ በኋላም አፈናው አልቆመም። ከ3,800 በላይ ሰዎች ተወስደዋል፤ የሚበዙት ባሕር ላይ ሥራቸውን ሲሠሩ የተያዙ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አብዛኞቹ ቢመለሱም ከ500 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አልተመለሱም። በታኅሣሥ 1969 ደግሞ 50 ሰዎች ያሳፈረ የደቡብ ኮሪያ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ተጠልፎ ሰሜን ገባ። ከሁለት ወር በኋላ 39ኙ ተለቀቁ፣ 11ዱ ቀሩ። ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረ የአንዱ ተሳፋሪ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ አባቱ የት እንዳለ ይጠይቃል።

በደቡብ ኮሪያ የነበረው ሌላው መከራ ከገዛ መንግሥታቸው የመጣ ነው። የተወሰደው ሰው «ወዶ ሄዶ ይሆናል» ተብሎ ስለተጠረጠረ፣ ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት በፖሊስ ዓይን ሥር ነበር። ልጆቹ የመንግሥት ሥራ ሲፈልጉ የአባታቸው ስም እንቅፋት ሆነባቸው። በጠላት የተቀማ ሰው በወዳጅም ሲጠረጠር ቤተሰቡ መናገር ይፈራል፤ ፍርሃቱም ለአፋኙ ሽፋን ይሆንለታል።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቀረችው ልጅ

ኅዳር 15 ቀን 1977 በጃፓን ምዕራባዊ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኒጋታ ከተማ፣ ሜጉሚ ዮኮታ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ የባድሚንተን ልምምዷን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጠፋች። የፖሊስ ውሾች ሽታዋን ተከትለው እስከ ቤቷ አቅራቢያ መጡ፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሽታው ተቋረጠ። አባቷ አቶ ሺገሩ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። በዋዜማው በልደታቸው ቀን ልጃቸው ማበጠሪያ ሰጥታቸው ነበር፤ ያንን ማበጠሪያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዙት። እናቷ ወይዘሮ ሳኪዬም ባሕር ዳሩን እየዞሩ ስሟን ሲጠሩ ከረሙ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1978 በጋ፣ በዚያው ዳርቻና በደቡብ ጃፓን ወንድና ሴት ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጠፉ። በሳዶ ደሴት ሂቶሚ ሶጋ የተባለች የ19 ዓመት ነርስ ከእናቷ ጋር ከሱቅ ስትመለስ ሁለቱም አልተገኙም። በቶኪዮ ሁለት ሕፃናት ልጆች የነበሯት ያዬኮ ታጉቺ ጠፋች። እነዚህ ሁሉ በየከተማው ለየብቻቸው «ጠፋ» ተብለው ተመዘገቡ። አንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ምክንያቱ የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። የሰሜን ኮሪያ የስለላ ድርጅቶች ሰላዮቻቸውን ጃፓንኛና የጃፓናውያንን አኗኗር የሚያስተምር ሰው ይፈልጉ ነበር። የታፈነውን ሰው ማንነትና ፓስፖርትም ለሌላ ሥራ ይገለገሉበታል።

ሁሉም በጉልበት አልተወሰደም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፣ በማባበል የሄዱም አሉ። ኬይኮ አሪሞቶ እንግሊዝኛ ልትማር ለንደን የሄደች ወጣት ነበረች። በ1983 አንዲት የአገሯ ሴት የገበያ ጥናት ሥራ አለ ብላ አግባባቻት። ኬይኮ በኮፐንሃገን በኩል አልፋ ፒዮንግያንግ ገባች። ያግባባቻት ሴት ራሷ ይህን በቶኪዮ ፍርድ ቤት የመሰከረችው በ2002 ነው። በ1978 ደግሞ አራት የሊባኖስ ሴቶች «ጃፓን የጸሐፊነት ሥራ አለ» ተብለው ሰሜን ኮሪያ ተወሰዱ። እህቶቻችን ወደ ቤይሩትና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሄዱ ደላላ የሚነግራቸውን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ሥራው ጥሩ፣ ደመወዙ ከልክ ያለፈ፣ ጉዞው አስቸኳይ፣ አሠሪው ደግሞ የማይታይ ሲሆን መጠየቅ ያለብን ከመሄዳችን በፊት ነው።

ቁርጥራጩ ሲገጣጠም

በጥር 1980 አንድ የጃፓን ጋዜጣ የጠፉት ጥንዶች በውጭ የስለላ ድርጅት ተወስደው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ብዙ ሰው ልብ ወለድ መስሎት አለፈው። ከዚያ በኅዳር 1987 ከባግዳድ ተነሥቶ በአቡ ዳቢ በኩል ወደ ሴኡል ይበር የነበረ የደቡብ ኮሪያ አውሮፕላን በአየር ላይ ፈነዳ፤ 115 ሰዎች አለቁ። ቦምቡን አስቀምጠው አቡ ዳቢ ላይ የወረዱት ሁለት ሰዎች ባሕሬን ላይ ተያዙ። የያዙት ፓስፖርት የጃፓን ነበር። ሽማግሌው መርዝ ውጦ ሞተ፤ ወጣቷ ኪም ህዮን ሁዪ ተረፈች። ጃፓንኛ ያስተማረቻት ከጃፓን ተወስዳ የመጣች ሴት መሆኗን ተናገረች። መርማሪዎች የሰጠችውን መግለጫ ከጠፉ ሰዎች መዝገብ ጋር አስተያይተው፣ መምህርቷ ሁለት ሕፃናት ትታ የጠፋችው ያዬኮ ታጉቺ መሆኗን በ1991 ይፋ አደረጉ።

በ1988 ሌላ ቁራጭ መጣ። በ1980 አውሮፓ ሳለ የጠፋ ቶሩ ኢሺዮካ የተባለ ወጣት ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤ በፖላንድ በኩል ደረሰ። ደብዳቤው ፒዮንግያንግ እንዳለና ኬይኮም አብራው እንዳለች ይገልጻል። የኬይኮ ወላጆች ያንን ማስረጃ ይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የፖለቲከኞችን ቢሮ እየዞሩ ደጅ ጠኑ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አንድ ሚኒስትር የሰሜን ኮሪያ እጅ እንዳለበት ጠንካራ ጥርጣሬ መኖሩን ለምክር ቤት ተናግረው ነበር። ነገሩ ግን ወደ ሥራ አልተለወጠም። ጃፓን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ግንኙነት ለመመሥረት እየተነጋገረች ነበርና የጠፉት ሰዎች ጉዳይ ድርድሩን እንዳያበላሽ ተፈራ። በ1995 እና በ2000 በብዙ መቶ ሺህ ቶን የሚቆጠር ሩዝ ለሰሜን ኮሪያ በእርዳታ ተላከ፤ በ2000 ሲላክ ቤተሰቦቹ «ልጆቻችንስ?» እያሉ ተቃውሞ ይወጡ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1997 መጀመሪያ ነው። ከሰሜን የከዳ ሰላይ ከኒጋታ ስለተወሰደች ልጅ መናገሩ ሲሰማ፣ የዮኮታ ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ገጠመው። ስሟ ይፋ ቢወጣ አፋኞቹ ማስረጃ ለማጥፋት ሊገድሏት ይችላሉ፤ ስሟ ካልወጣ ደግሞ ጉዳዩ የማንም ሳይሆን ይቀራል። እናቷ ፈሩ። አባቷ ግን ስም የሌለው ወሬ ሰው አያንቀሳቅስም ብለው ስሟ ከነፎቶዋ እንዲወጣ ወሰኑ። በመጋቢት ወር ቤተሰቦቹ ማኅበር አቋቋሙ፣ አቶ ሺገሩንም ሊቀ መንበር አደረጉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና፣ ለ20 ዓመታት ለየብቻ ሲያለቅሱ የነበሩ ቤቶች አንድ ድምፅ ሆኑ። በየባቡር ጣቢያው ደጃፍ ቆመው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ከጊዜ በኋላ የፊርማው ቁጥር ከ10 ሚሊዮን አለፈ።

መልስ ተብሎ የተሰጠው

መስከረም 17 ቀን 2002 የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ፒዮንግያንግ ሄዱ። የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኢል ለዓመታት «ሐሰት ነው» ሲባል የኖረውን ነገር አመኑ፤ ይቅርታም ጠየቁ። 13 ሰዎች መወሰዳቸውን፣ አምስቱ በሕይወት መኖራቸውን፣ ስምንቱ መሞታቸውን አስታወቁ። ሜጉሚ ሞተዋል ከተባሉት ውስጥ ነበረች።

እዚህ ላይ ነጋዴ የሆነ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ተበዳሪ ለዓመታት ዕዳውን ሲክድ ኖሮ አንድ ቀን ሒሳቡን በራሱ እጅ ጽፎ ቢያመጣ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ደብተር የሚዘጋ የለም፤ መጀመሪያ ይመረመራል። ቤተሰቦቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የአብዛኞቹ ሟቾች መቃብር በጎርፍ ተወስዷል ተባለ። ኬይኮና ቶሩ በከሰል ጭስ ታፍነው የሞቱት ኅዳር 1988 ነው ተባለ፤ ደብዳቤያቸው ጃፓን በደረሰ በሁለት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ሜጉሚ በመጋቢት 1993 ሞተች ተባለ፤ ከዚያ በኋላ አይተናት ነበር የሚሉ ምስክሮች ሲመጡ ቀኑ ወደ ሚያዝያ 1994 ተለወጠ። በ2004 አስከሬኗ ነው ተብሎ የተቃጠለ አጥንት ተላከ። የጃፓን መንግሥት በዘረመል ምርመራ የእሷ አይደለም አለ፤ አንድ የታወቀ የውጭ የሳይንስ መጽሔት ደግሞ የምርመራው ውጤት ያን ያህል እርግጠኛ ሊሆን መቻሉን ጠየቀ። ወላጆቿ ልጃችን ሞታለች የሚል በቂ ማስረጃ አላየንም ብለው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

በሕይወት የነበሩት አምስቱ ጥቅምት 15 ቀን 2002 ጃፓን ገቡ። ጉዞው ለአጭር ጊዜ ተብሎ የተፈቀደ ስለነበር ልጆቻቸው ፒዮንግያንግ ቀርተዋል። የጃፓን መንግሥት አምስቱን አልመልስም አለ። እነዚያ ወላጆች አገራቸው ገብተው ልጆቻቸውን ሳያዩ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆዩ፤ ልጆቹ የመጡት በ2004 ነው። ከተመላሾቹ አንዷ ሂቶሚ ሶጋ ናት። ስሟ የጃፓን መንግሥት በያዘው የታፈኑ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። አብራት የታፈነችው እናቷ ግን አገራችን አልገባችም ተባለ፤ ስለ እናትየዋ እስከ ዛሬ መልስ የለም።

የጃፓን መንግሥት መታፈናቸውን ያረጋገጠላቸው 17 ሰዎች ናቸው፤ 12ቱ አልተመለሱም። ከዚህ ሌላ ታፍነው ሊሆን ይችላል ተብለው የተመዘገቡ ከ800 በላይ ሰዎች አሉ።

በር መክፈትና በር መዝጋት

ለእኛ ለነጋዴዎች ከዚህ ታሪክ የሚከብደው ክፍል ይህ ነው። ሰሜን ኮሪያንና ጃፓንን የምታገናኝ አንዲት መርከብ ዕቃና ዘመድ ጠያቂ ጭና ትመላለስ ነበር፤ የምትቆመውም ሜጉሚ በጠፋችባት በኒጋታ ወደብ ነው። በ2006 ከሚሳኤል ሙከራው በኋላ ጃፓን መርከቧን ከለከለች፣ ከኒውክሌር ሙከራው በኋላም ከሰሜን ኮሪያ የሚገባውን ሸቀጥ አገደች። ሸርጣንና ዛጎል ያመጡ የነበሩ ነጋዴዎች ገበያቸው ተዘጋ። ቤተሰቦቹ ጫና ይጠንክር ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ በር ከተዘጋ ማን ይነጋገራል አሉ።

እኛ ታሪኩን ስናየው፣ ጥያቄው ሳይነሣ ሩዝ ሲላክ ማንም አልተመለሰም። በሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላም ማንም አልተመለሰም። ሰው የተመለሰው ሰሜን ኮሪያ የጃፓንን ገንዘብና ግንኙነት በጣም በፈለገችበት፣ የጠፉት ሰዎች ስምም ጠረጴዛው ላይ በነበረበት ጊዜ ብቻ ነው። በ2014 ስቶክሆልም ላይ እንደገና ስምምነት ተደርጎ ሰሜን ኮሪያ የምርመራ ኮሚቴ አቁማ ነበር፤ በ2016 ጃፓን ማዕቀብ ስትጨምር ኮሚቴው ፈረሰ። ድርድር የማያውቅ ጫና፣ ጫና የሌለው ድርድርም ለቤተሰብ የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው።

ሌላም መባል ያለበት አለ። ከ2002 በኋላ በጃፓን በሚኖሩ ኮሪያውያን ልጆች ላይ ስድብና ዛቻ በዛ። እነዚያ ልጆች ማንንም አላፈኑም። አያቶቻቸው ጃፓን ኮሪያን በገዛችበት ዘመን፣ ከ1910 እስከ 1945፣ በችግርም በግዳጅም የመጡ ናቸው። በድንበር የምንኖር ሰዎች ይህን በደንብ እናውቃለን። የማዶው መንግሥት በበደለ ቁጥር ቂሙ የሚወርደው አብራን ቡና በምትጠጣው በማዶዋ ነጋዴ ላይ ነው። ከአፋኝ መንግሥት መልስ መጠየቅና የዚያን አገር ሰው መጥላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከእነሱ የምንወስደው

ጉልበት ያለው መንግሥት የሌላቸው ቤተሰቦችም መልስ ያገኙበት አጋጣሚ አለ። አኖቻ ፓንጆይ የተባለች የታይላንድ ሴት በ1978 ማካው ውስጥ ጠፋች። ከሂቶሚ ሶጋ ጋር ተጋብቶ ፒዮንግያንግ ይኖር የነበረ አሜሪካዊ በ2004 ሲወጣ ስለ ጎረቤቱ ታይላንዳዊት ተናገረ። የያዘውን ፎቶ በሰሜን ታይላንድ ያሉ ቤተሰቦቿ አይተው በ2005 «የእኛው ናት» አሉ። 27 ዓመት አልፎም መልኳን የሚያውቅ፣ መቼና የት እንደጠፋች የሚናገር ሰው ቤት ውስጥ ነበር። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት በዳኛ ማይክል ከርቢ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ሲያቋቁም፣ በሴኡልና በቶኪዮ ቀርበው የመሰከሩት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። የኮሚሽኑ የ2014 ሪፖርት የመሠረት ድንጋይ የቤተሰብ ትዝታና ማስታወሻ ነው።

እኛም አንድ ሰው ማዶ ቀረ ሲባል ወሬው ሳይቀላቀል በዚያው ሳምንት እንጻፈው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የጠፋበት ቀንና ቦታ፣ የተሳፈረበት መኪና፣ አብሮት የነበረው ሰው፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ የሰውነት ምልክት። ቅጂው በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ። «አይቼዋለሁ፣ ገንዘብ ላኩና ላምጣው» የሚል ሲመጣ፣ ከቤተሰብ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ይጠየቅ። የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኘው የቀይ መስቀል አገልግሎት በነፃ ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት የተሰወሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚከታተለው ቡድንም ከቤተሰብ አቤቱታ ይቀበላል። ስም ይፋ ማውጣት የሚያስከትለውን አደጋ ቤተሰቡ ራሱ ይመዝን፤ ጎረቤት አይወስንበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጠፋውን ሰው ቤት «ወዶ ነው የሄደው» እያልን አናሽሙር።

የዮኮታ ወላጆች በ2014 ሞንጎሊያ ዋና ከተማ ውስጥ የሜጉሚን ልጅ፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙ። ልጅቷም ሕፃን ታቅፋ መጥታ ነበር። አቶ ሺገሩ በ2020 በ87 ዓመታቸው አረፉ። የያዬኮን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ አድርገው ያሳደጉት፣ ማኅበሩንም የመሩት ወንድሟ በ2021 አረፉ። የኬይኮ እናት በ94፣ አባቷም በ2025 በ96 ዓመታቸው ሄዱ። ካልተመለሱት ሰዎች ወላጆች መካከል በሕይወት የቀሩት የሜጉሚ እናት ወይዘሮ ሳኪዬ ብቻ ሆኑ። በ1936 የተወለዱ ናቸው። ጥያቄው ግን ከእሳቸው ጋር እንዳይቀበር ተደርጎ ተይዟል፤ የሜጉሚ መንትያ ወንድሞች ተረክበውት ማኅበሩን የሚመራው አንደኛው ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ሲጠራ ግን ለማየት የነቃ ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት።